ሰሌዳው ላይ የቀረችው ቃል

የቲቸር አስቴርን የሕይወት ታሪክ ያነበበው ወጣት ጥፋት የለበትም። ወረቀት ሰጡት፣ አነበበ። እኔን ያበሳጨኝ ወረቀቱን የጻፈው ሰው ነው። «በመምህርነት ዘመናቸው ሁሉ ትሁትና ለአለቆቻቸው ታዛዥ ነበሩ» ይላል። ዳንግላ ላይ፣ መቃብሩ አፋፍ፣ ደመናው ዝቅ ብሎ ሊዘንብ ሲል፣ ጃንጥላዬን ይዤ ቆሜ ይህን ሰማሁ። ትሁት የሚለውን እሺ፣ ልለፈው። ታዛዥ? ማን? ቲቸር አስቴር? አጠገቤ የቆመችው የክፍል ጓደኛዬ ጸዳለ ፊቴን አይታ በክርኗ ጎሸም አደረገችኝ፤ አንድ ነገር እንዳልናገር ፈርታ ነው። ቀብር ነውና ዝም አልኩ። አሁን ግን ማንም በክርኑ የሚጎሽመኝ የለም።

ቲቸር አስቴር በደርግ ዘመን ዳንግላ ስማር እንግሊዝኛ ያስተማሩኝ ሴት ናቸው። ቁመታቸው አጭር ስለሆነ የሰሌዳው የላይኛው ክፍል አይደርስላቸውም። ሁልጊዜ ከአጋማሹ በታች ይጽፋሉ፣ ከኋላ የምንቀመጥ ልጆች ብድግ እያልን እናነባለን። ክረምት ከበጋ አንድ ቡናማ ሹራብ ይለብሳሉ፤ የቀኝ እጅጌው ከጠመኔ ብዛት ነጭ ሆኗል። ከእንጅባራ ያስመጡት ቀርከሃም ከእጃቸው አይጠፋም። ማንንም ሲመቱበት አላየሁም። ተማሪ ሲያንቀላፋ ግን ጠረጴዛውን ቷ ያደርጉታል፤ ያ ከመመታት ይብሳል።

ጴንጤ ነበሩ። ያን ጊዜ ጴንጤ መሆን ቀላል አልነበረም። የጸሎት ቤታቸው ታሽጎ በሩ ላይ ሰንሰለት ተንጠልጥሎበታል። ሰፈርተኛው በጎን ያያቸዋል፣ ካድሬው በጎን ያያቸዋል፤ እሳቸውን ለመክሰስ ሰበብ የሚፈልግ ሰው ብዙ መድከም አያስፈልገውም። እሳቸው ግን በገበያ መሐል አንገታቸውን ቀጥ አድርገው ነው የሚያልፉት። እናቴ አንድ ቀን ስንቅ ልታቀብለኝ መጥታ አየቻቸውና «ይቺ ሴት ማንን ተማምና ነው እንዲህ የምትራመድ?» አለች። 

ሰኞ ሰኞ ከሰሌዳው ግራ ጠርዝ ላይ ሰባት የእንግሊዝኛ ፊደሎች ይጽፋሉ። የእኛ ሥራ ከእነዚያ ፊደሎች ብቻ የሚሠራ ቃል መፈለግ ነው። ሳምንቱን ሙሉ፣ በሒሳብ ክፍለ ጊዜም ይሁን ውሃ ስንቀዳ፣ ጭንቅላታችን ውስጥ ሰባት ፊደል ይንከባለላል። ቃል ያገኘ ልጅ ወጥቶ ይጽፋል። ሲጽፍ ክፍሉ በአንድ ድምፅ «ምን ማለት ነው?» ይለዋል። እሱም በአማርኛ ወይም በአገውኛ፣ በፈለገው ይመልሳል። ቃሉ እስከ ዓርብ ሰሌዳው ላይ ይቆያል። ዓርብ በመጨረሻው ክፍለ ጊዜ ያገኘው ልጅ ራሱ ወጥቶ ያጠፋዋል። ሲያጠፋም ክፍሉ እንደገና «ምን ማለት ነው?» ይላል፣ ይመልሳል፣ ሁላችንም መልሱን እንደግመዋለን። የሌላ ሰው እጅ አይነካውም። የቲቸርም እጅ ቢሆን አይነካውም። «እኔ ያላገኘሁትን አላጠፋም» ይሉ ነበር።

ይህ ጨዋታ ለከተማ ልጅ ጨዋታ ብቻ ነው። ለእኔ ግን እንደዚያ አልነበረም። የዘንገና አካባቢ ልጅ ነኝ፤ ቤታችን የሚነገረው አገውኛ ነው። ዳንግላ ለትምህርት ስመጣ አማርኛዬ ሸካራ ነበር። አፌን በከፈትኩ ቁጥር ጸዳለ፣ ያቺው አሁን የምትጎሽመኝ ጸዳለ፣ ከፊት ወንበር ዞራ አነጋገሬን ትቀዳና ክፍሉን ታስቀዋለች። አንድ ቀን ቲቸር ይህን ሰሙ። ቀርከሃቸውን ጸዳለ ጠረጴዛ ላይ ቷ አደረጉት።

«ስትስቂ የከተማ ልጅ ነኝ ብለሽ ነው አይደል?» አሏት። «በእንግሊዝኛ ግን ሁላችሁም ባላገር ናችሁ። እኔም ጭምር ባላገር ነኝ። እስቲ ሰሌዳው ላይ ከስንዱ እኩል ጻፊና ከዚያ ሳቂ።»

ስንዱ እኔ ነኝ። በዚያ ሳምንት ከጸዳለ የበለጠ ቃል ጻፍኩ። የሚያስቀው ነገር በዚያው አለቀ፤ እሷም አጠገቤ መቀመጥ ጀመረች። እንግዲህ ሰሌዳው ላይ የምጽፈው ቃል ለእኔ ምን እንደነበር ከዚህ በላይ ማስረዳት አልችልም።

ያ የድርቅ ዓመት ነበር። ከሰሜን የተነሱ ሰፋሪዎችን የጫኑ መኪኖች በከተማችን እያለፉ ወደ ጫግኒ፣ ከዚያም ወደ ቆላው ይወርዱ ነበር። ሬድዮኑ መልካም ጉዞ ላይ እንደሆኑ ያወራል። አንድ ማክሰኞ መኪኖቹ በትምህርት ቤታችን አጥር ጥግ ቆሙ። የምሳ ሰዓት ስለነበር ሮጠን ወጣን። መኪናው ላይ ሰው በሰው ላይ ተነባብሯል። አንዲት ሴት ልጇን በነጠላ አቅፋለች፤ ልጁ ዓይኑን ገልጦ ዝንብ አያባርርም። ቆሎ የያዝን ቆሎ፣ ዳቦ የያዝን ዳቦ አቀበልን። ወታደር መጥቶ በተነን።

በማግስቱ ክፍል ገብቼ ሰሌዳውን አየሁ። ቲቸር ፊደሎቹን የጻፉት መኪኖቹ ከመምጣታቸው በፊት፣ ሰኞ ነው፦ ኤች፣ ዩ፣ ኤን፣ ጂ፣ ኢ፣ አር፣ ኤ። ሌሎች ልጆች ቀድመው ቁጣ የሚል አግኝተዋል፤ ጠመንጃ የሚል አግኝተዋል፤ ዶሮ የሚልም አግኝተዋል። እኔ ሌላ ቃል ታየኝ። ሰኞም እዚያው ነበረች፤ ያላየኋት እኔ ነኝ። ወጥቼ «ሃንገር» ብዬ ጻፍኩ።

«ምን ማለት ነው?» አለ ክፍሉ።

«ረሃብ» አልኩ።

 ቲቸር ቃሏን አዩ፣ እኔን አዩ፣ «ትክክል ነው፣ ተቀመጪ» አሉኝ።

ሐሙስ ከአውራጃው እንግዶች ይመጣሉ ተባለ። የሚመራቸው ጓድ ይልቃል የሚባል ካድሬ ነው። ይልቃል የዳንግላ ልጅ፣ የቲቸር አስቴር የድሮ ተማሪ ነበር፤ ከእኛ ብዙ ዓመት ቀድሞ በዚያው ክፍል ተምሯል። ዳይሬክተራችን አቶ ሞላ ክፍሎቹን እየዞሩ ሲያዩ የእኛ ሰሌዳ ጋ ደርሰው ቀጥ አሉ። ጥሩ ሰው ናቸው፣ ግን ፈሪ ናቸው፤ ስድስት ልጅ የሚያሳድግ ሰው ቢፈራ አልፈርድበትም።

«አስቴር፣ በእግዚአብሔር ይሁንብሽ፣ ይህን አጥፊልኝ» አሉ ድምፃቸውን ቀንሰው።

«ዓርብ ይጠፋል።»

«እንግዶቹ ዛሬ ናቸው እኮ!»

«እንግዲህ እነሱ ዓርብ ቢመጡ ይሻላቸው ነበር» አሉ ቲቸር።

አቶ ሞላ ዳስተሩን አነሱ። አርባ ልጅ ያያቸዋል፣ ቲቸርም ያዩዋቸዋል። መልሰው አስቀመጡት። ሮጠው ሄደው የጂኦግራፊውን ትልቅ ካርታ አመጡና ሰሌዳው ላይ ሰቀሉት። ረሃቡም ቁጣውም ጠመንጃውም ኢትዮጵያ ሥር ገባ። ላባቸውን ጠርገው ወጡ።

ጓድ ይልቃል ካኪውን ለብሶ፣ ሁለት ሰዎች አስከትሎ ገባ። በእንግሊዝኛ ክፍለ ጊዜ ካርታ ምን እንደሚሠራ ሳይገባው አልቀረም። የድሮ ክፍሉን ሰሌዳ ናፍቆም ሊሆን ይችላል። የካርታውን ጥግ ገለጥ አደረገ። አየ። ከዚያ ካርታውን ጠቅላላ አወረደው።

«ጓድ አስቴር፣ ይህ ምንድን ነው?»

«የተማሪዎቼ ሥራ ነው።»

«ረሃብ ይላል።»

«አዎ፣ ይላል።»

«በአገራችን ረሃብ የለም። ያለው ድርቅ ነው፤ እሱንም አብዮቱ እየተቆጣጠረው ነው።»

«ድርቅ ለማለት ዲ፣ ኦ እና ቲ ያስፈልጋሉ» አሉ ቲቸር፣ ልክ ለእኛ እንደሚያስረዱን በትዕግሥት። «እኔ ደግሞ በዚህ ሳምንት አልሰጠኋቸውም።»

ከኋላ አንድ ልጅ ሳቁ አመለጠው፣ ወዲያው ሳል አስመሰለው። ጓድ ይልቃል ፊቱ ጠቆረ። ማን እንደጻፈው ጠየቀ። «ያገኘው ልጅ» አሉት። ስሙን ጠየቀ። «ስም አንጽፍም፤ አንተም ስትማር አልተጻፈም» አሉት። ጠመንጃና ቁጣውን ማንም አልጠየቀም። ጠመንጃ የአብዮቱ ጠመንጃ፣ ቁጣም የሰፊው ሕዝብ ቁጣ ተብሎ ያልፋል። ረሃብ ግን ማለፊያ መንገድ የለውም።

ይልቃል ትንሽ አሰበና ፈገግ አለ። ያ ፈገግታ ዛሬም ያናድደኛል። «እሺ ቲቸር» አለ፤ ጓድ ማለቱን ረስቶ። «ሕጉን አውቀዋለሁ። ማንም እንዳይነካት። ዓርብ ባለቤቷ ራሱ ይመጣል።»

በገዛ ሕጋቸው ወጥመድ አጠመደባቸው። ዓርብ ሊያጠፋት የወጣው ልጅ ጻፊዋ መሆኑ ይታወቃል። ብያዝ ከትምህርት ቤት መባረሬ አይቀርም። ለእኔ መባረር ማለት ቤት መመለስ ነው፤ ቤት ደግሞ ሽማግሌ ልኮ የሚጠብቅ ሰው አለ። ያን ሰው አንዴ አይቼዋለሁ፣ አባቴን ያክላል። አባቴም በገበሬ ማኅበሩ በክፉ የሚታይ ነበር፤ የእኔ ነገር ሲጨመርበት ምን እንደሚያደርጉት አላውቅም።

ዓርብ የወጣት ማኅበሩ ሊቀመንበር መጥቶ ከኋላ ተቀመጠ። ልጆች እየወጡ ቃላቸውን አጠፉ። ዶሮ ጠፋች፣ ጠመንጃ ጠፋ፣ ቁጣ ጠፋ። የእኔዋ ብቻዋን ቀረች። ሊቀመንበሩ ፊታችንን ተራ በተራ ማየት ሲጀምር ተነሣሁ። ምን ልሠራ እንደነበር አላውቅም፤ ላጠፋት ይመስለኛል፣ ይገላግለኝ ብዬ። ገና ብድግ ስል ቲቸር ቀርከሃቸውን ወደ በሩ ዘረጉ።

«ውሃ ልትጠጪ ነው? ሂጂ፣ ቶሎ ተመለሽ» አሉኝ።

ወጣሁ። ስመለስ ሊቀመንበሩ ሰሌዳውን አፍጥጦ ያያል፣ ቲቸር ደግሞ መጽሐፋቸውን እየሰበሰቡ ነው። «የዚች ቃል ባለቤት ገና አልጨረሰባትም» አሉ። «ትቆይ።»

ቆየች። ሰኞ አዲስ ፊደሎች ከጎኗ ተጻፉ። ሰዋስው ስንማር ዙሪያዋን ተማርን። የሒሳቡ መምህር እንኳ ቁጥሮቹን እየጠመዘዘ በእሷ ላይ ሳይደርስ ይጽፍ ጀመር። ዓርብ ዓርብ ሊቀመንበሩ ይመጣል፣ ይቀመጣል፣ ባዶ እጁን ይመለሳል። ክፍሉ ውስጥ ማን እንደጻፋት የማያውቅ ልጅ አልነበረም። አንድም ልጅ አፉን አልከፈተም። ሊቀመንበሩ ጸዳለን ለብቻዋ አስጠርቶ ሲጠይቃት «እኔ የከተማ ልጅ ነኝ፤ የእነዚህን ባላገሮች ስም ለይቼ አላውቅም» ብላ አፍንጫዋን ነፋችበት። እሱም አመናት። ከዚያ ቀን ወዲህ ጸዳለ ምንም ብታደርገኝ ይቅር ብያታለሁ፤ ክርኗንም ጭምር።

ነገሩ አልገፋ ሲል መምህራኑን ለሂስና ግለ ሂስ ሰበሰቡ። ያን ጊዜ ጥፋት አለብህ የተባለ ሰው በስብሰባ መሐል ቆሞ ራሱን ይከስሳል፣ ማሩኝ ይላል፣ ይጨበጨብለታል፣ ይቀመጣል። እዚያ የሆነውን በኋላ የነገሩን አቶ ሞላ ናቸው። ጓድ ይልቃል መድረክ ላይ ነው። ለቲቸር ሁለት ነገር አቀረበላቸው። አንደኛው፣ ይህን የኢምፔሪያሊስት ቋንቋ ጨዋታ እንዲያወግዙና እንዲተዉ፤ ሁለተኛው፣ የልጁን ስም እንዲናገሩ። ሁለቱን ካደረጉ ምንም አይነኩም፣ እዚያው ዳንግላ ያስተምራሉ። ካላደረጉ አዘና ወደምትባል ትንሽ ከተማ ወርደው ለጀማሪ ሕፃናት የእጅ ሥራ ያስተምራሉ፣ እንግሊዝኛ ዳግመኛ አይነኩም።

ቲቸር ተነሡ። «አዎ፣ ጥፋት አለብኝ» አሉ። አቶ ሞላ «ተመስገን አልኩ በሆዴ» ብለውናል። ሰብሳቢዎቹም ደስ አላቸው፤ አንዱ ሊጽፍ እስክሪብቶ አነሳ።

«ሰባት ፊደል ለእነዚህ ልጆች አይበቃም ነበር» አሉ ቲቸር። «አሳንሼባቸዋለሁ። ይህ ከባድ ጥፋት ነው። ከሰኞ ጀምሮ ዘጠኝ እሰጣቸዋለሁ።»

«የልጁስ ስም?»

«አዘናም ልጅ አለ» ብለው ተቀመጡ።

ሰኞ መጡ። ዘጠኝ ፊደል ጻፉ። ከዘጠኙ ፊደሎች ቃል መፈለግ ከመጀመራችን በሩ ተከፈተና ጓድ ይልቃል የአውራጃውን እንግዶች አስከትሎ ገባ፤ አቶ ሞላ ከኋላ ናቸው። ትዕግሥቱ አልቋል። ቀጥ ብሎ ወደ ሰሌዳው ሄደ። ዳስተር አልፈለገም። በካኪው እጅጌ ቃሏን ጠረጋት።

እዚህ ላይ የሆነውን ማንም አላቀደውም። ቲቸር አልጠቀሱንም፣ እኛም አልተማከርንም። ቃል ሲጠፋ ክፍሉ የሚለው ነገር አለ፤ ለዓመታት ስንለው አፋችን ለምዶታል። አርባ ልጅ በአንድ ድምፅ «ምን ማለት ነው?» አልን።

ይልቃል ጀርባውን ሰጥቶናል። እሱም በዚያው ክፍል፣ በዚያው ሰሌዳ ፊት ያደገ ልጅ ነው። ሳያስብ፣ ተማሪ እንደሚመልሰው አድርጎ፣ ጠራ ባለ ድምፅ «ረሃብ» አለ።

«ረሃብ!» ብለን ደገምነው።

ዞሮ አየን። እንግዶቹ እርስ በርስ ተያዩ። ካኪው እጅጌ ላይ ጠመኔው ነጭ ሆኖ ቀርቷል። እጅጌውን ሳያራግፍ ወጣ። ቲቸር በሩ እስኪዘጋ ጠብቀው ቀርከሃቸውን ወደ ዘጠኙ ፊደሎች ዘረጉ፣ «እህ፣ ማን ምን አገኘ?» አሉ።

በዚያው ሳምንት የዝውውር ደብዳቤያቸው መጣ። አዘና ወረዱ፤ ሕፃናትን ወረቀት ማጠፍና ስፌት መስፋት አስተማሩ። እንግሊዝኛ ወደ ማስተማር የተመለሱት መንግሥት ከተለወጠ በኋላ ነው፤ ዳንግላም ገብተው እስኪያረጁ አስተማሩ። ይልቃል የት እንደደረሰ ጠይቄ አላውቅም። እኔ ተምሬ ጨረስኩ፤ ያ አባቴን የሚያክል ሰው ሌላ አገባ። ጫግኒ መድኃኒት ቤት እሠራለሁ። ታዛዥ ነበሩ ይላሉ! ታዛዥ ቢሆኑ ኖሮ እኔ ዛሬ የማን ሚስት፣ የት ጓሮ እንደምሆን እኔ ነኝ የማውቀው።

ቲቸር ወደ አዘና የሄዱ ቀን ዕቃቸውን ስንጭን ነበርኩ። የጭነት መኪናው እህል ጭኗል፤ የቲቸር አልጋና የመጽሐፍ ሣጥን ከጆንያው ላይ ወጣ። ሰፈርተኛው በሩቅ ቆሞ ያያል፣ የሚሰናበታቸው ጥቂት ነው። እኔ የሣጥኑን ጫፍ ይዤ ከሳምንት በፊት የጀመረኝን ልቅሶ እየዋጥኩ ነበር። ሣጥኑ ሲወጣ እጄ ባዶ ሆነ፣ ያን ጊዜ አልቻልኩም።

«በእኔ ምክንያት ነው ቲቸር» አልኳቸው። «ያቺን ቃል ባልጽፋት ኖሮ እዚሁ ነበሩ።»

ሲቆጡ አይቻቸዋለሁ፤ እንደዚያ ቀን ግን አይቼ አላውቅም። ሾፌሩ ጥሩምባውን እየነፋ ነው፤ እሳቸው እግራቸውን መወጣጫው ላይ አድርገው ተመልሰው ወረዱ። ፊቴን በሁለት እጃቸው ይዘው ቀና አደረጉኝ።

«ስሚ» አሉኝ። «አንቺ ረሃቡን አገኘሽው እንጂ አላመጣሽውም። ያመጡት ሲያፍሩ አላየሁም፤ አንቺ ምን ቆርጦሽ ታለቅሻለሽ?»